ውጅግራ ፍለጋ ወደ ተልሳ

ሐሙስ

ከቴክሳሷ ዳላስ ተነሥቶ ወደ ኦክላሆማዋ ተልሳ የሚሄድ መንገደኛ ቀይ ወንዝን ተሻግሮ፣ ዱራንትንና አቶካን አልፎ፣ የአሜሪካ ጦር ቦምብና ጥይት የሚያመርትበትን የማካሌስተርን ከተማ ረግጦ ነው ወደ ሰሜን የሚዘልቀው። የእህቴ ልጅ መሪውን ይዞ፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ማለዳ የተነሣነው ቅዳሜና እሑድ በተልሳ የሚካሄደውን የዋነንማከር የጦር መሣሪያ ትርዒት ለማየት ነው። በተለይም ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች ወጥተው ወደ አሜሪካ የገቡት አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ከእነዚህም መካከል ውጅግራ የምንለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ዛሬ በምን ዓይነት ሰው ጠረጴዛ ላይ፣ በምን ሁኔታ እንደሚገኙ በዐይኔ ለመመርመር ፈልጌያለሁ።

ይህን ያህል መንገድ መሄድ ያስፈለገኝ ቅርብ ያሉት ትርዒቶች ሰብሳቢን የሚያስተናግዱ መሆናቸው እየቀረ ስለመጣ ነው። በየወሩ በምኖርበት አካባቢ በሚደረጉት ትርዒቶች ቀድሞ በአንድ ረድፍ ላይ ብቻ የእንግሊዝ ሊ-ኤንፊልድ፣ የስዊድን ማውዘር፣ የራሽያ ሞሲን-ናጋንትና የፊንላንድ ልውጥ ጠመንጃዎች ተደርድረው ይታዩ ነበር። አሁን ግን አብዛኛውን ቦታ የያዙት በማንኛውም መደብር የሚገኙ አዳዲስ ሽጉጦች፣ ኤአር-15 የተባለው የዘመኑ ጠመንጃ መለዋወጫዎች፣ ቲሸርቶች፣ የደረቀ የሥጋ ቋንጣና የሴቶች ጌጣ ጌጥ ናቸው። ገበያው ሰው አልጎደለበትም፤ የመግቢያው ሰልፍ እንዲያውም ረዝሟል። የጎደለው ሰብሳቢው የሚፈልገው ዕቃና ስለ ዕቃው የሚናገር አዋቂ ነው።

የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ በስልክዎ የማያገኙት ምን ነገር አለ ብለው ነው ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄዱት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳሁት።

እስከ 1968 ድረስ (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ አሜሪካዊ የመጽሔት ማስታወቂያ ቆርጦ ከገንዘቡ ጋር በፖስታ ቢልክ፣ ከጦር ሜዳ የተረፈ ጠመንጃ እቤቱ ድረስ ይላክለት ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 በእኛው ከተማ በዳላስ የተገደሉበት የጣሊያን ካርካኖ ከቺካጎ በዚሁ መንገድ የተገዛ ሲሆን፣ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 19.95 ዶላር፣ ከነመላኪያው 21.45 ዶላር ብቻ ነበር የተከፈለበት። የ1968ቱ ሕግ በፖስታ መሸጥን አገደ፤ ከውጭ አገር ሠራዊቶች የሚመጣውን ትርፍ መሣሪያም አስቆመ። ለሰብሳቢዎች በሩ እንደገና የተከፈተው በ1984 ነው። በ1986 የወጣው ሕግ ደግሞ ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎች በየግዛታቸው በሚደረጉ ትርዒቶች መሸጥ እንደሚችሉ ደነገገ። ከዚያ በኋላ የቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቶ የምሥራቅ አውሮፓ ግምጃ ቤቶች ሲራገፉ፣ ሞሲን-ናጋንት ከመቶ ዶላር በታች የሚሸጥበት ዘመን መጣ፤ ብዙዎቻችን መሰብሰብ የጀመርነውም ያኔ ነው። ያ ክምችት ሲያልቅና በራሽያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ የቀረውን በር ሲዘጋ፣ ያው ጠመንጃ ዋጋው ብዙ እጥፍ አደገ። ጠረጴዛዎቹን ሞልቶ የነበረው ዕቃ በየሰብሳቢው ቤት ገብቶ ቀረ ማለት ነው፤ ባለቤቱ እስኪሞት ወይም እስኪቸግረውም አይወጣም።

ማምሻውን ተልሳ ገብተን አደርን።

ዓርብ

ትርዒቱ ለሕዝብ የሚከፈተው ቅዳሜ ስለሆነ ዓርብን የተጠቀምንበት ከተልሳ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በታሪካዊው አውራ ጎዳና 66 ላይ ወደምትገኘው ወደ ክሌርሞር ከተማ በመሄድ ነው። እዚያ በጄ. ኤም. ዴቪስ ስም የሚጠራ የጦር መሣሪያና የታሪክ ሙዚየም አለ። ዴቪስ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ መድኃኒቱን አልጠጣም ብሎ አስቸግሮ፣ አባቱ ቢጠጣ ጠመንጃ እንደሚሰጠው ቃል ገብቶለት ስብስቡን እንደጀመረ ይነገራል። ኋላም በክሌርሞር የሜሰን ሆቴል ባለቤት ሆኖ የሰበሰባቸውን መሣሪያዎች በሆቴሉ ግድግዳዎች ላይ እየሰቀለ እንግዶቹን ሲያስደንቅ ኖረ። ሙዚየሙ በ1969 ተከፈተ፤ ስብስቡም በአንድ ሰው ከተሰበሰቡት ሁሉ ታላቁ እንደሆነ ይነገርለታል፤ ቁጥሩ ከ12,000 በላይ ነው።

የመስታወት ሣጥኖቹን አንድ በአንድ እያየሁ ስዞር ልቤን የያዘው የስብስቡ ብዛት አልነበረም። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር አንድ ወረቀት፣ አንድ ታሪክ፣ አንድ የሰው ስም ተያይዞ መቀመጡ ነው። አንድ ሽጉጥ ከማን እጅ እንደተገዛ፣ ማን ይዞት እንደነበር፣ በየትኛው ቀን እንደገባ የሚናገር ጽሑፍ ከሌለው ያው የብረትና የእንጨት ቁራጭ ነው። ዴቪስ የኖረው ሕጉ ልል፣ ዕቃው ርካሽ፣ ሻጩም ስለሚሸጠው ነገር የሚያውቅበት ዘመን ስለነበር ብዙ መሰብሰቡ አያስገርምም፤ መጻፉ ግን የራሱ ትጋት ነው። የእህቴ ልጅ በሙዚየሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆየ። ከመውጣታችን በፊትም ወደ አንድ የድሮ ሽጉጥ ጠቁሞ ስለ አሠራሩ ሲጠይቀኝ፣ በመጣነው መንገድ ያልነገርኩትን ያህል ነገርኩት።

በኢትዮጵያ አድዋን የተዋጋው ጠመንጃ ከነባለቤቱ ስም የተመዘገበበት እንዲህ ያለ ቦታ ቢኖር ምንኛ ደስ ባለኝ ብዬ አሰብኩ። አያቶቻችን ጠመንጃን እንደ ልጅ ስም እያወጡ የሚፎክሩበት ሕዝብ ሆነን ሳለ፣ ጠመንጃዎቹ በመርከብ ተጭነው ሲወጡ የማን እንደነበሩ የሚናገር ወረቀት አብሯቸው አልወጣም።

ቅዳሜ

ትርዒቱ የሚካሄድበት የተልሳ ኤክስፖ አደባባይ በሩቁ የሚታወቀው በፊቱ በቆመው ወርቃማ የነዳጅ ቆፋሪ ሐውልት ነው፤ ቁመቱ ወደ 23 ሜትር ይደርሳል፤ ከተማዋ በነዳጅ ዘይት የበለጸገችበትን ዘመን ያስታውሳል። ሕንፃው በ1960ዎቹ ለነዳጅ ዐውደ ርእይ የተሠራ ሲሆን ጣሪያው በገመድ ተወጥሮ የተያዘ ስለሆነ በመካከሉ አንድም ምሰሶ የለም። በዚያ ሜዳ በሚመስል አዳራሽ ከ4,000 በላይ ጠረጴዛዎች ተዘርግተዋል። ትርዒቱን በ1955 የጀመሩት የአካባቢው ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ማኅበር አባላት ነበሩ። ኋላ ጆ ዋነንማከር የተባሉ ሰው ተረክበው ለአሥርት ዓመታት በመምራት አሁን ወዳለበት ግዝፈት አደረሱት። አጀማመሩ ከሰብሳቢዎች መሆኑ ዛሬም ይታያል፤ በዙሪያችን ካሉት ትርዒቶች ጋር ሲነጻጸር የአሮጌ ዕቃው ድርሻ እጅግ የላቀ ነው።

በሩ ላይ የሚገባው መሣሪያ ሁሉ ጥይት የሌለበት መሆኑ እየተመረመረ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል። ገብተን በመጀመሪያዎቹ ረድፎች ላይ ያየነው ዊንቸስተር፣ ኮልት፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስፕሪንግፊልድና ጥሩ ጥሩ ሉገሮች ስለነበሩ መንፈሴ ተነቃቃ። ነገር ግን ወደ ውስጥ እየዘለቅን ስንሄድ ያው የማውቀው መልክ እዚህም መድረሱን አስተዋልኩ። ቀደም ሲል አንድ ጠረጴዛ አንድ ሙያ ነበር፤ አንዱ ስለ ጃፓን አሪሳካ ብቻ፣ ሌላው ስለ ስዊስ ሽሚት-ሩቢን ብቻ ያውቅ ነበር። አሁን ብዙዎቹ ሻጮች የሟች ስብስብ በጅምላ ገዝተው የሚያመጡ ነጋዴዎች ናቸው። የመሣሪያውን ምንነት ብትጠይቃቸው ስልካቸውን አውጥተው በኢንተርኔት መረብ ጨረታ ላይ የተሸጠበትን ዋጋ ያሳዩሃል።

ይህ ለውጥ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። የመረብ መገበያያው ኢቤይ በ1999 የጦር መሣሪያ መሸጥን ሲከለክል፣ በዚያው ዓመት የተቋቋመው ገንብሮከር የተባለው የመሣሪያ ጨረታ ድረ ገጽ ቦታውን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ጭኖ፣ ሆቴል ከፍሎ፣ ጠረጴዛ ተከራይቶ ሁለት ቀን ከሚቆም፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለመላው አገር ማቅረብን መረጠ። እጅግ ውድ የሆኑት ደግሞ ወደ ታላላቅ የጨረታ ቤቶች ይሄዳሉ። ወደ ትርዒቱ የሚመጣው በጨረታ ዋጋ ያላወጣው ወይም ባለቤቱ የጨረታውን ዋጋ አይቶ ከዚያ በላይ የጠየቀበት ነው። የእህቴ ልጅ በስልክ የማይገኝ ምን አለ ብሎ የጠየቀኝ ጥያቄ በዚህ ረገድ እውነትነት አለው። ሆኖም ጠመንጃን በፎቶግራፍ መግዛት የራሱ ጉድለት አለው። የአፈሙዙን ውስጥ በብርሃን ማየት፣ መቀርቀሪያውን ስቦ መስማት፣ ቁጥሮቹ በየክፍሉ መመሳሰላቸውን ማረጋገጥ፣ እንጨቱ በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ እንደሆነ በመዳፍ መዳሰስ የሚቻለው በአካል ብቻ ነው።

ከቀትር በኋላ የመጣንበትን ነገር አገኘን። በአንድ ጥግ ሦስት ጠረጴዛ የያዘ ሻጭ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ መሆናቸውን በካርቶን ጽፎ የጣሊያን ቬተርሊዎችን፣ ካርካኖዎችንና ግራ የተባሉትን የፈረንሳይ ጠመንጃዎች ደርድሯል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት አንድ አስመጪ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ያረጁ መሣሪያዎችን በብዛት አምጥቶ ለአሜሪካ ገበያ ስላቀረበ፣ ትርፍ መሣሪያ አለቀ ተብሎ ተስፋ በተቆረጠበት ሰዓት ትርዒቶቹን እንደገና ነፍስ የዘራባቸው የእኛ አገር ግምጃ ቤት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን አያውቁም፤ እኔ ግን በዚያ ጠረጴዛ ፊት ስቆም ተደባልቆ የሚመጣ ስሜት ተሰማኝ። በአንድ በኩል ዕቃው ከዝገትና ከምስጥ መትረፉ ደስ ያሰኛል። በሌላ በኩል ግን እያንዳንዱ ከነበረበት ቦታና ከነበረበት ሰው ተነቅሎ መምጣቱ ያሳዝናል።

ግራ፣ የእኛ ውጅግራ፣ በፈረንሳይ ሠራዊት በ1874 የተመረጠ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳዮች በ1886 ለበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ሲይዙ ትርፍ ሆኖ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን ጎረፈ። ከዚያ በፊት ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1887 ወደ እንጦጦ አምጥቶ ለንጉሥ ምኒልክ የሸጠው ከዚህ ያረጀ፣ በፈንጂ ቆብ የሚተኮስ መሣሪያ ስለነበር፣ የውጅግራው መምጣት ምን ያህል ለውጥ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። በ1896 በአድዋ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች መካከልም አንዱ እሱ ነው። ቬተርሊው ደግሞ የጣሊያን ነው፤ በ1870 የተሠራ፣ በ1887 የጥይት ካርታ የተጨመረለት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1915 ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር የተለወጠ መሣሪያ ሲሆን፣ የጣሊያን አስካሪዎች (ለጣሊያን የተዋጉ የቅኝ ግዛት ወታደሮች) ይዘውት የገቡም ነበር። ካርካኖው ከ1935ቱ ወረራ ጋር መጥቶ በ1941 ከነፃነት በኋላ በእጃችን የቀረ ነው። በሌላ ጠረጴዛ ላይ ከ1953ቱ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ወታደራዊ ስምምነት በኋላ ለሠራዊታችን የተሰጡትን የመሰሉ ኤም1 ካርባይን የተባሉ አጫጭር ጠመንጃዎችም አየን፤ ከአሜሪካ ወጥተው፣ አፍሪካ ኖረው፣ ወደ አሜሪካ የተመለሱ።

ከግራዎቹ አንዱን አነሣሁ። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠፍሯል፤ ጠፍሩ እርጥብ ሳለ ተጠምጥሞ ሲደርቅ እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት ነክሶታል። በአንገቱ ላይ በካራ የተቀረጸ መስቀልና ሁለት የፊደል ምልክቶች ነበሩ። ከጎኑ ያለው ሌላ ግራ ግን ጠፍሩ ተቆርጦለት፣ ስንጥቁ በማጣበቂያ ተሞልቶ፣ እንጨቱ ተፍቆ በዘይት እንዲያብረቀርቅ ተደርጓል። ዋጋው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሻጩን ለምን እንዲህ እንዳደረገው ስጠይቀው፣ ገዢዎች ንጹሕ ዕቃ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። የትርዒቱ ጥራት ወርዷል የምለው ይህን ነው። የጠፍሩ ሥራ ያ ጠመንጃ በኢትዮጵያ የኖረበትን ዘመን የሚመሰክር ብቸኛው ሰነድ ነበር፤ ሰነዱን ቀድዶ ጥሎ ባዶውን ወረቀት በውድ የሚሸጥ ገበያ የሰብሳቢ ገበያ ሊባል አይገባውም። አስመጪዎች በሕግ ግዴታ ስማቸውንና ከተማቸውን በብረቱ ላይ ማተማቸው ሰብሳቢዎችን ሲያማርር እሰማለሁ። እኔ ግን ያን ማኅተም አልጠላውም፤ ቢያንስ ጠመንጃው በየት በኩል እንደመጣ ይናገራል።

ጠፍር ያለበትን ገዛሁት። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራ መሣሪያ ጥንታዊ ዕቃ ተብሎ ስለሚቆጠር ግራው ምንም ፎርም አላስፈለገውም። ለካርካኖው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዕድሜው 50 ዓመት ያለፈው መሣሪያ በልዩ የሰብሳቢ ፈቃድ መግዛት ስለሚቻል፣ ከቴክሳስ መጥቶ በኦክላሆማ የንግድ ፈቃድ ከሌለው ግለሰብ መግዛት የሚፈልግ ሰው ያ ፈቃድ ሊኖረው፣ የገዛውንም በመዝገቡ ሊያሰፍር ይገባል። ፈቃዱ ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ ነገር ልቡ ያለው ወጣት ሁሉ ቢያወጣው መልካም ነው እላለሁ፤ ለእህቴ ልጅም ይህንኑ መክሬዋለሁ።

እሑድ

እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ስለሚቀንስ ከሻጮች ጋር ለመነጋገር የተሻለ ነው። በመጨረሻው ረድፍ ላይ አንድ አዛውንት አንድ ጠረጴዛ ብቻ ይዘው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ያሉት አራት የፈረንሳይ ጠመንጃዎች፣ ሳንጃዎችና በእጅ የተጻፈ ወፍራም ደብተር ናቸው። የገዛሁትን ግራ ባሳየኋቸው ጊዜ መጀመሪያ ያነበቡት የፋብሪካውን ጽሑፍ ነው፤ በፈረንሳይዋ ሴንት-ኤቲየን ከተማ መሠራቱን፣ ከዚያም በ1880 የተደረገለትን ማሻሻያ የሚያመለክተውን ምልክት አሳዩኝ። ቁጥሩን በደብተራቸው ላይ ሲያሰፍሩ፣ ለብዙ ዓመታት በየትርዒቱ ያዩትን ግራ ሁሉ ቁጥሩን፣ ፋብሪካውንና ሁኔታውን ሲመዘግቡ እንደኖሩ ተረዳሁ።

«ከኢትዮጵያ የመጡት ብዙ ናቸው፤ በእንጨቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን የሚያነብልኝ አላገኘሁም» አሉኝ። በደብተሩ ዳር ፊደሎቹን እንደ ሥዕል ገልብጠዋቸዋል። አንዳንዶቹ የግዕዝ ቁጥሮች ነበሩ፤ ምናልባት የግምጃ ቤት ወይም የክፍል ቁጥር ይሆናሉ። አንዳንዶቹ የስም መጀመሪያ የሚመስሉ ፊደሎች ነበሩ። በአንድ ገጽ ላይ ግን ሙሉ ስም ተጽፎ አገኘሁ፤ የሰው ስም፣ በሰደፍ ላይ በሚስማር የተጫረ። አንብቤ ስነግራቸው ብዕራቸውን አንሥተው በላቲን ፊደል ከጎኑ ጻፉት።

ከእሳቸው ጋር ስለ ትርዒቶች መለወጥ በሰፊው ተነጋገርን። እሳቸው የሚመሰክሩት ከእኔ በጣም ወደኋላ ነው። ድሮ ሰዎች ወደ ትርዒት የሚመጡት ለመግዛት ብቻ ሳይሆን ያላቸውን ለማሳየት እንደነበር፣ ከ1937 ጀምሮ ያለውና ትርዒቱን ለአባላቱ ብቻ የሚያደርገው የኦሃዮ የጠመንጃ ሰብሳቢዎች ማኅበር ዛሬም ለማይሸጥ፣ ለእይታ ለቀረበ ስብስብ ሽልማት በመስጠት ይህን ልማድ እንደጠበቀ ነገሩኝ። በእርሳቸው አስተያየት ትርዒቱን የጎዳው መረቡ ብቻ አይደለም። እሳቸውን የመሰሉ ሰዎች ሲሞቱ ጠመንጃዎቹን የሚገዛ ይገኛል፤ ደብተሩን ግን የሚጠይቅ የለም። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ ትርዒቶች ሲሰረዙ እንዲህ ያሉ ብዙ ሰዎች ጠረጴዛቸውን ተዉ፤ ከተዉት አንዳንዶቹም አልተመለሱም።

ይህን ስሰማ የትርዒት ጥራት የሚለካበትን ነገር በትክክል የተናገሩት እሳቸው እንደሆኑ አመንኩ። በተልሳ ከ4,000 ጠረጴዛዎች መካከል እንዲህ ያለ ደብተር ያለበት ጠረጴዛ ጥቂት ነው፤ ሆኖም አለ። በአካባቢዬ በሚደረጉት ግን አንድም አላየሁም። ስለዚህ ከእንግዲህ በየወሩ በቅርብ ወዳለው መሄዴን ትቼ፣ የመግቢያውንና የቤንዚኑን ገንዘብ ለተልሳና፣ አቅም ሲኖረኝ ደግሞ በጥንታዊ መሣሪያ ብቻ ለሚታወቀው ለባልቲሞሩ ትርዒት ለማዋል ወስኛለሁ።

ከቀትር በኋላ ነጋዴዎች ዕቃቸውን መሸፈን ሲጀምሩ ወደ አዛውንቱ ተመለስኩ። በእጅ ስልኬ የደብተራቸውን የኢትዮጵያ ገጾች ፎቶግራፍ እንዳነሣ ፈቀዱልኝ። የእህቴ ልጅ ገጾቹን እያስተካከለ ያዘልኝ፤ ፊደሎቹንም ጮክ ብሎ ለማንበብ ሞከረ። በተስማማነው መሠረት እኔ እስከ ሚያዝያው ትርዒት ድረስ ፊደሎቹንና ቁጥሮቹን አንብቤ፣ ያገኘሁትን በእንግሊዝኛ ጽፌ አመጣላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ሌሎች ሰብሳቢዎች በእጃቸው ያሉትን የኢትዮጵያ ጠመንጃዎች ምልክት ሳይፍቁ ፎቶግራፍ እንዲልኩላቸው ይጠይቃሉ። በዳላስ፣ በዋሽንግተን ወይም በሌላ ከተማ የምትኖሩ፣ ከእነዚህ ጠመንጃዎች አንዱ በእጃችሁ የገባ ወገኖቼ ካላችሁ፣ ጠፍሩን አትቁረጡ፤ እንጨቱን አትፋቁ፤ የተጻፈበትን አንብባችሁ ከመለያ ቁጥሩ ጋር መዝግቡት።